ቁልፍ በር ላይ ሲዞር ሰውነቴ ለምን ይደርቃል? ምርመራው ሁሉ ንጹህ ነው ተባልኩ

ዝምተኛዋ፦ ሰላም ናችሁ። ከባሌ ጋር ስድስት ዓመት ኖሬ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ይመታኝ ነበር፣ ከዱላው በላይ ግን ማታ ቁልፉን ሲያዞር ሰምቼ ዛሬ ደግሞ እንዴት ሆኖ ይሆን የመጣው ብዬ የምጠብቃት ያቺ ደቂቃ ነበረች የምትገለኝ። አሁን ከእህቴ ጋ ነኝ፣ ሰላም ነው፣ ግን እሷ ከስራ ስትመጣ ቁልፉ ቀጭ ሲል እጄ በረዶ ይሆናል፣ ልቤ ይደልቃል፣ እሷ መሆኗን እያወቅኩ እኮ ነው! አንዴ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ባንኜ እነሳለሁ፣ ጨጓራዬ፣ መንጋጋዬ፣ ትከሻዬ ምናምን ሁሌ እንዳመመኝ ነው። ደም፣ ታይሮይድ፣ ኢሲጂ፣ ኢንዶስኮፒ ታየልኝ፣ "ምንም የለብሽም"። እናቴ "እርሺው በቃ" ትላለች። እያበድኩ ነው እንዴ?

ነርሷ፦ አላበድሽም የኔ እህት። ምርመራው ጥሩ ነው፣ ሌላ በሽታ አለመኖሩን አሳይቷል፣ የሚያምሽ ግን እውነት ነው። አእምሮ ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምታክል ክፍል አለች፣ ስራዋ አደጋ ማሽተት ነው። ከግንባርሽ ጀርባ ያለው የሚያመዛዝነው ክፍል "እህቴ ናት" ብሎ ሳይጨርስ አሚግዳላ የአደጋ ደወሉን ደውላዋለች። አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቀቃል፣ ደም ከቆዳ ሸሽቶ ወደ ትልልቅ ጡንቻዎች ይሄዳል (እጅሽ የሚቀዘቅዘው ለዛ ነው)፣ የምግብ መፈጨት ይጓተታል፣ መንጋጋ ይነክሳል። ስድስት ዓመት በየማታው ይሄን የተለማመደ ሰውነት እርሺው ስለተባለ አይረሳም። ፒቲኤስዲ (ከከባድ ጥቃት ወይም አደጋ በኋላ የሚቀር የአእምሮ ሕመም) የሚለው ስም ራሱ አሜሪካ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ላይ የገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፣ እናትሽ ባያውቁት አትፍረጂባቸው። አንድ ልጠይቅሽ፣ ሰውየው አሁንም ይደውላል ወይ ያስፈራራሻል? ከሆነ መጀመሪያ እሱ ነው መፍትሄ የሚፈልገው።

አቤል_ም፦ እኔ እንደሰማሁት ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ሂፖካምፐስን (አእምሮ ውስጥ ለትዝታ የሚያገለግለውን ክፍል) ይበላዋል፣ አንዴ ከተኮማተረ በቃ አይመለስም

መንገደኛ፦ ኧረ ተው ሰው አታስፈራራ! አነስ ብሎ መታየቱ እውነት ነው፣ ግን በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከቬትናም ጦርነት ፒቲኤስዲ ይዘው የተመለሱ ወታደሮችን ካልዘመቱ መንታ ወንድሞቻቸው ጋር ሲያስተያይ፣ ያልዘመቱትም አነስ ያለ ነው ያላቸው። ማለትም ቢያንስ በከፊል ከበፊቱም የነበረ ሊሆን ይችላል። ደሞ አእምሮ ፍርሃት እንደተማረ ሁሉ ደህንነትንም ይማራል።

ከዛው_የመጣች፦ የኔ ደግሞ የእግር ኮቴ ነበር፣ ደረጃ ላይ። እኔን የጠቀመኝ አብራኝ የምትኖረው ልጅ በር ላይ ደርሳ ከመክፈቷ በፊት ስሜን መጥራቷ ነው፣ ድምፁ ብቻውን እንዳይመጣ። ሲጀምርሽ ደግሞ ትንፋሽሽን ከምታስገቢው አስረዝመሽ አስወጪው፣ ልብ ምትን ያረግበዋል፣ እግርሽን ወለሉ ላይ ጫን አድርጊና ያለሽበትን ክፍል ዕቃ እየጠራሽ ቁጠሪ። በመጀመሪያው ሳምንት የቀልድ ነው የመሰለኝ እውነቱን ለመናገር።

ነርሷ፦ ስም መጥራቱ አሪፍ ነው፣ ግን ለጊዜው። ካልተጠራሁ በር አይከፈት እስከማለት ከደረሰ ፍርሃቱን ይቀልበዋል። ዋናው ትራውማ (ከባድ ነገር አእምሮ ላይ ጥሎት የሚያልፈው ቁስል) ላይ የሰለጠነ ሳይኮሎጂስት ነው፣ ትራውማ ላይ ያተኮረ ሲቢቲ (ሐሳብንና ልማድን ለመቀየር የሚረዳ የንግግር ሕክምና) አለ፣ ኢኤምዲአር የሚባለውም አለ፣ ትዝታውን ይዘሽ ዓይንሽን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀስሽ ነው የሚሰራው። ለእንቅልፍ ብለሽ ግን ከሰው የተሰጠሽን ኪኒን እንዳትጀምሪ።

ዝምተኛዋ፦ አይደውልም፣ የት እንዳለሁም አያውቅም። እያነበብኩ አለቀስኩ። ሳይኮሎጂስት ጋ ስሄድ ግን የሆነውን ሁሉ ከ ሀ እስከ ፐ መናገር አለብኝ እንዴ? እሱን ሳስበው ነው የምቀረው

ከዛው_የመጣች፦ የለብሽም። እኔ የመጀመሪያ ቀን ስለ ደረጃው ብቻ ነው ያወራሁት። አንቺም ስለ ቁልፉ ጀምሪ።