ለአካባቢ ፍትሕ ፌሎሺፕ ማመልከቻ፦ ገምጋሚዎች ምኑን ያያሉ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለተማሪዎች ለሚሰጥ የአካባቢ ፍትሕ (የብክለት ጉዳት በደካማው ሕዝብ ላይ እንዳይጫን የሚሠራ) ፌሎሺፕ፣ ማለትም አበል ለሚከፈልበት የሥራ ዕድል፣ ላመለክት ነው፤ የሥራው ጊዜ አሥር ሳምንት ነው። ሐሳቤ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ሆኖ አየሩን በርካሽ ሴንሰር መለካት ነው። ገምጋሚዎች አጥብቀው የሚያዩት ምኑን ነው? በጀቱ ላይስ ምን ምን ይያዝ?

መልስ 1፦
መጀመሪያ የሚታየው ጥያቄውን ማን እንዳነሳው ነው። «ነዋሪዎቹን አሳትፋለሁ» ማለት ብቻውን ውኃ አያነሳም። እ.ኤ.አ. በ1991 ዋሽንግተን ላይ የጸደቁት 17ቱ የአካባቢ ፍትሕ መርሆዎች ከፍላጎት ዳሰሳ እስከ ግምገማ በየደረጃው እኩል የመወሰን መብት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ከመጻፍሽ በፊት የነዋሪዎቹን ማኅበር አነጋግሪ። የድጋፍ ደብዳቤያቸው ማን ምን እንደሚሠራ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሰጥና በምላሹ ምን እንደሚያገኝ ይናገር። ከፕሮፖዛልሽ ቃል በቃል የተገለበጠ ደብዳቤ ወዲያው ያስታውቃል።

በጀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሴንሰር ለሚከታተሉ ነዋሪዎች የሚከፈለው፣ አስተርጓሚ፣ ትራንስፖርትና በስብሰባ ሰዓት ልጆች የሚጠብቅ ሰው ነው። የፌሎሺፑ አበል ለተማሪው ብቻ ከሆነ የተለየ የሥራ ማስኬጃ እንዳለ አስቀድመሽ ጠይቂ። ክፍያው በዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ በኩል ከሄደ መታወቂያና የባንክ ሒሳብ ሊጠየቅ ይችላል፤ እነዚህ የሌላቸው ሰዎች ሠርተው ሳይከፈላቸው የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። በማኅበሩ በኩል የሚከፈልበትን መንገድ ከወዲሁ አስፈቅጂ።

መልስ 2፦
ስለ ሴንሰሩ ልጨምር። ርካሾቹ በአየር ላይ ያለውን ደቃቅ የጭስና የአቧራ ቅንጣት የሚለኩት በብርሃን ነው። እርጥበት ሲበዛ ቅንጣቱ ውኃ ስቦ ስለሚያብጥ ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ሁሉንም ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ የማጣቀሻ መሣሪያ አጠገብ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀምጠሽ አስተካክያቸው፤ አለበለዚያ ውጤትሽን የሚቃወም ወገን ባለሙያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውድቅ ያደርግብሻል። ከወለል ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ ከማብሰያ ጭስ ራቅ አድርጊ ስቀያቸው። አንዱ ደግሞ ለማነጻጸሪያ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን፣ ከመጣያው ወዲያ ይሁን።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ለፒኤም 2.5 (ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር ለማይበልጥ ደቃቅ ቅንጣቶች) በዓመት 5፣ በ24 ሰዓት 15 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ ነው። የአሥር ሳምንት መረጃ ከዓመቱ ቁጥር ጋር አይወዳደርም፤ የ24 ሰዓቱን ተጠቀሚ። ደግሞም ይህ ሴንሰር ጭስ እንጂ ሽታ አያይም። ሰዎቹን ያስቸገራቸው ሽታው ከሆነ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና ከ0 እስከ 5 የሚሰጡትን የክብደት ደረጃ የሚመዘግቡበት ቅጽ ይበልጣል።

ጠያቂዋ፦
ለማስተካከያው ሁለት ሳምንት ከሄደ ለልኬቱ የሚቀረው አያንስም?

መልስ 3፦
ማስተካከያውን ፌሎሺፑ ከመጀመሩ በፊት ጨርሺው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዱንም እንዲሁ፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ ያለሱ የተሰበሰበ ቃለ መጠይቅም አይታተምልሽም። ሴንሰሮቹን ቀንሺ እንጂ ሳምንታቱን አትቀንሺ።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ፦ የቤቶቹን ጂፒኤስ ካርታ ላይ አታውጪ። አቤት ያለ ተከራይ በዚያ ተለይቶ ከቤቱ ሊባረር ይችላል። በሰፈር ደረጃ ብቻ አሳዪ። መረጃው የማን እንደሆነና ማን እንዲታተም እንደሚፈቅድ ሥራው ሳይጀመር ከማኅበሩ ጋር ተፈራረሚ። ውጤቱንም ከዩኒቨርሲቲው አቀራረብ በፊት በቋንቋቸው አቅርቢላቸው፤ ለዚህ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ያዢ።