በአውሮፓ ወንዞች ላይ በመርከብ መጓዝ ምኑ ይማርካል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ የሚቀጥለውን የዓመት ዕረፍታችንን በአውሮፓ ለማሳለፍ አስበናል። እናቴም አብራን ትጓዛለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ግን ብዙ በእግር መሄድ አትችልም። በመጀመሪያ ያሰብነው በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ መዘዋወር ነበር፤ አንድ ወዳጃችን ግን በዳኑብ ወይም በራይን ወንዝ ላይ በመርከብ ብንጓዝ እንደሚሻል አጥብቆ መከረን። እኔ በበኩሌ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ውኃ ማየት ይሰለቸናል ብዬ እሰጋለሁ፤ ዋጋውም ከበድ ያለ ይመስለኛል። ልምዱ ያላችሁ ሰዎች ምኑ እንደሚማርክና የትኛው ወንዝ እንደሚሻል ብትነግሩን እናመሰግናለን።

መልስ 1
ይሰለቸናል የሚለው ስጋትዎ የመጣው ጉዞውን ከባሕር ጉዞ ጋር አንድ አድርጎ ከማየት ይመስለኛል። በባሕር ላይ መሬት ከዐይን ይጠፋል፤ በወንዝ ላይ ግን ግራና ቀኙ ዳርቻ ቅርብ ስለሆነ፣ ወይኑን የሚገርዘውን ገበሬም ሆነ በዳርቻው መንገድ ብስክሌት የሚነዳውን ሰው ከተቀመጡበት ሆነው ያዩታል። ብዙዎቹ የአውሮፓ ጥንታዊ ከተሞች መንገዳቸውም ገበያቸውም ወንዝ ስለነበረ የተሠሩት ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ነው፤ በመርከብ የመጣ እንግዳ በዋናው በር ገባ ማለት ይቻላል። ቡዳፔስት ላይ መርከቦች የሚቆሙት በከተማዋ መካከል፣ በድልድዮቹ አጠገብ ነው፤ ማታ በመብራት የደመቀውን የፓርላማ ሕንፃ ከውኃው ላይ ሆኖ ማየት እኔ ካየኋቸው የከተማ ገጽታዎች ሁሉ ይበልጥብኛል። (ቪየና ግን ለየት ትላለች፤ መርከቦች የሚቆሙት ከአሮጌው ከተማ ራቅ ብለው ስለሆነ ሜትሮ መሳፈር ያስፈልጋል።)

ከሁሉ የማልረሳው በጀርመን በማይን–ዳኑብ ቦይ ላይ ያሉትን የውኃ በሮች፣ ማለትም ውኃ እየተሞላባቸው ወይም እየጎደለባቸው መርከብን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉትን ባለ በር ክፍሎች ነው። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1992 ተጠናቆ ራይንንና ዳኑብን ያገናኘ፣ 171 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና 16 የውኃ በሮች ያሉት ሲሆን፣ ከፍተኛው ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 406 ሜትር ይደርሳል። በሮቹ 12 ሜትር ብቻ ስለሚሰፉና መርከቡም ከ11 ሜትር በላይ ስፋት ስላለው፣ ውኃ የሚያንጠባጥበው የኮንክሪት ግድግዳ ከመስኮቱ ውጭ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። በሩ ከኋላ ይዘጋል፣ ውኃው ከሥር ይሞላል፣ መርከቡም ሳይንገጫገጭ ቀስ እያለ ከጥላው ወደ ፀሐይ ይወጣል። ዝቅተኛ ድልድይ ሲያጋጥም ደግሞ ካፒቴኑ የሚቆምበት ክፍል ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን እያየ የሚሰለች ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

መልስ 2
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጉዞውን የሚወስነው የውኃው መጠን መሆኑን አስቀድማችሁ ብታውቁ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በራይን ላይ ውኃው እጅግ አንሶ፣ በካውብ የሚገኘው የውኃ መለኪያ ከ40 ሴንቲሜትር በታች ወርዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ደግሞ ዳኑብ ሞልቶ በጀርመን ያለችውን የፓሳውን አሮጌ ከተማ አጥለቅልቆታል። ውኃው ሲያንስ መርከቡ መሬት ይነካል፣ ሲበዛም በድልድዮቹ ሥር ማለፍ አይችልም፤ ያን ጊዜ መንገደኞች በአውቶቡስ ይወሰዳሉ ወይም ከእንቅፋቱ ማዶ ወዳለ ሌላ መርከብ ይዛወራሉ። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ድርጅቱ ምን እንደሚመልስላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ለእናትዎ የሚጠቅመው ዋናው ነገር ሻንጣ አንድ ጊዜ ተፈትቶ እስከ መጨረሻው መቆየቱ ነው። ሆኖም ሊፍቱ እስከ ታችኛው ፎቅ የማይደርስባቸው መርከቦች ስላሉ እሱን አጣሩ። በተጨናነቀ ወደብ መርከቦች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ስለሚቆሙ፣ ወደ መሬት ለመውጣት በሌላ መርከብ ውስጥ ማለፍና ደረጃ መውጣት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የአሮጌዎቹ ከተሞች መንገድም ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ ለጉልበት አይመችም። እሳቸው ከመርከቡ ሳይወርዱ የሚያርፉበትን ቀን ከወዲሁ ብታስቡበት ይሻላል። ዋጋውን በተመለከተ፣ ምግቡና አብዛኛው የከተማ ጉብኝት ብዙውን ጊዜ አብሮ የተከፈለበት ስለሆነ ከባቡርና ከሆቴል ወጪ ጋር ስታነጻጽሩ ይህን አብራችሁ ደምሩ።

መልስ 3
ወንዝ ስትመርጡ መርከቡ የትኛውን ቦታ በቀን ብርሃን እንደሚያልፍ ተመልከቱ፤ ማራኪውን ሸለቆ ተኝቶ ማለፍ ገንዘብን በከንቱ ማባከን ነው። በራይን ላይ ከሩደስሃይም እስከ ኮብሌንዝ ያለው ሸለቆ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ ከኮረብታ ኮረብታ በጥንታዊ ግንቦች የተሞላ ነው። በዳኑብ ላይ ደግሞ በሜልክና በክሬምስ መካከል ያለው የቫካው ሸለቆ አለ፤ እዚያ ዱርንስታይን ከምትባለው ከተማ በላይ የሚታየው የፈረሰ ግንብ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ አንደኛ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ ተይዞ የታሰረበት ነው። የፖርቱጋሉ ዶውሮ (Douro) ወንዝ ላይ መርከቦች በሌሊት ስለማይጓዙ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም፤ ነገር ግን ጉብኝቱ ብዙ የአውቶቡስ መንገድ ስላለበት ለእናትዎ አልመርጠውም። እኔ ብሆን ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት ያለውን የዳኑብ ጉዞ በግንቦት ወይም በመስከረም እወስድ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። መርከቡ ወደ ቤልግሬድ የሚወርድ ከሆነ ሰርቢያ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስብስብ የሆነው የሼንገን አባል አይደለችም፤ ስለዚህ የሼንገን ቪዛ የሚያስፈልጋችሁና ከዚያ ወጥታችሁ ተመልሳችሁ የምትገቡ ከሆነ፣ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን አረጋግጡ።