የዕቅድ ውይይት፦ የልጆች የሽንት ቧንቧና የቆለጥ ችግር በጎንደርና በዙሪያዋ

ሰብሳቢው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በማኅበራችን ስም የምናቀርበው የጋራ ዕቅድ ከ4 ገጽ መብለጥ የለበትም። ረቂቁን ሁላችሁም አይታችሁታል። ባጭሩ እንግዳ ሐኪሞች ጋብዘን የአንድ ሳምንት የቀዶ ሕክምና ዘመቻ እናድርግ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ይሠራላቸው ነው የሚለው። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ የለም። ምን ይውጣ፣ ምን ይግባ?

የሕፃናት ቀዶ ሐኪሙ፦
ዘመቻውን አልጠላም። ግን ብሩ ሁሉ እዚያ ላይ ካለቀ እንግዶቹ በሄዱ ማግስት ያው ነን። ዋናው ችግራችን ልጆቹ ዘግይተው መምጣታቸው ነው።

ቆለጡ ወደ ከረጢቱ ያልወረደለትን ልጅ ውሰዱ። ጊዜያቸውን ጨርሰው ከሚወለዱ 100 ወንዶች ወደ 3 የሚሆኑት ላይ ይታያል። ያለጊዜያቸው የተወለዱት ላይ ደግሞ በጣም ይበዛል። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ወራት ራሱ ይወርዳል። 6 ወር ሞልቶት ካልወረደ ግን መጠበቁ ትርፍ የለውም፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 18 ወር ሳይሞላው መሠራት አለበት። ሆድ ውስጥ ወይም ብሽሽት ላይ በቆየ ቁጥር የመውለድ አቅሙ ይጎዳል፣ ኋላ ላይ ካንሰር የመያዝ ዕድሉም ከፍ ይላል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። አንዳንዱማ ሚስት ሊያገባ ሲል ነው የሚመጣው።

ለቆለጥ ተብሎ አልትራሳውንድ ማዘዝም ይቅር። በእጅ ያልተገኘውን እሱም በአስተማማኝ ሁኔታ አያገኘውም። ቤተሰቡ ይከፍላል፣ ወር ይባክናል። የሞቀ እጅና ያላለቀሰ ልጅ ይበቃል።

አዋላጅ ነርሷ፦
ዶክተር፣ እኔም ይህንኑ ልጽፍ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁን በእጃችን የምናገኘው በዋናነት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ሲወለድ፣ ሌላው በ45ኛው ቀን ለክትባት ሲመጣ። ጨርቁን ገልጦ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ማን ያያል? እንመዝነዋለን፣ ትንፋሹን እናያለን፣ «ወንድ ነው» ስንል እልል ይባላል። ሽንቱ ከየት እንደሚወጣ ልብ ብሎ የሚያይ የለም።

ደግሞ ረቂቁ ስለ ግርዛት አንድ ቃል የለውም። እዚህ አገር ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ በ8ኛው ቀን ይገረዛል። በ45ኛው ቀን ያየነው ችግር እኮ አንዳንዴ ያለቀለት ነው! ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ እናትየዋ ከማዋለጃ ክፍል ሳትወጣ ይሁን።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪሙ፦
ትክክል ነሽ ሲስተር፣ ይህ የዕቅዱ መግቢያ ላይ ይግባ። የሽንት ቀዳዳው የብልቱ ጫፍ ላይ መሆኑ ቀርቶ ከታች በኩል የሆነ ልጅ በፍጹም መገረዝ የለበትም። ከ200 እስከ 300 ወንዶች አንዱ ላይ ይገኛል፣ ብርቅ አይደለም። ሸለፈቱ ለጥገናው የምንጠቀምበት ቆዳ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ከአፍ ውስጥ ቆዳ እስከ መውሰድ ልንደርስ እንችላለን። ሥራው በ6 እና በ18 ወር መካከል ቢሆን ይመረጣል።

ቀዳዳው ከሥር ሆኖ ሁለቱም ቆለጦች ካልተገኙ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ወንድ ነው፣ ሴት ናት ብሎ ለመናገር አትቸኩሉ። አስቸኳይ ሪፈር ነው። አንዳንዱ የሆርሞን ችግር በቀናት ውስጥ ሰውነትን ጨው አሳጥቶ ይገድላል።

የወላጆች ተወካይ፦
እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የደረሰብኝን ልናገር። የኔን ልጅ የገረዘው ሰው ጉዳዩን አይቶታል። «ይሄማ ከፊሉን እግዜር ገርዞታል» ብሎ የቀረውን ቆርጦ ጨረሰው። ከዚያ አንድ ሕክምና ቤት ሄድን፣ ስሙ ይቅር፣ «ሲያድግ ይስተካከላል» ብለው መለሱን። ሲያድግ አልተስተካከለም። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ከጎን ማፍሰስ ጀመረና እንደገና ተሠራ። ልጁ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት የሚገባው ሰው ሲጠፋ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነው፤ ሥልጠናው የሚገርዙትንም ይጨምር። በነሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፣ ግን ማን አስተማራቸው?

አንጋፋው ጤና መኮንን፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤታችን በ1954 እ.ኤ.አ. እዚህ ጎንደር ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አብሮ ወደ ገጠር ለመላክ ነበር። ከዚያ በፊት ደምቢያ ላይ የወረደው ወባ ያስተማረው ነገር ነው። እናንተ ዛሬ እንደ አዲስ የምትጽፉት ያው የድሮው መንገድ ነው። ከከተማው አዘዞንና ማራኪን፣ ከገጠሩ ቆላ ድባንና ማክሰኝትን ይዛችሁ ጀምሩ። ሁሉንም በአንዴ ካላችሁ አንዱም አይሆንም።

ሬዚደንቱ (ስፔሻሊቲ የሚማረው ሐኪም)፦
አንቱ ባሉት ላይ ልጨምር። ቆለጥም የቀዳዳ ጥገናም ቀጠሮ ይችላሉ። የማይችሉም አሉ። ድንገት አንድ ቆለጡን አጥብቆ ያመመውና የሚያስመልሰው ልጅ ምናልባት ቆለጡ ዞሮበት ነው፤ 6 ሰዓት ካለፈ የማዳን ዕድሉ እያነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። የሽንት ቧንቧው ውስጥ ሲወለድ ጀምሮ በስስ ሽፋን የተዘጋበት ወንድ ሕፃን ነው። እናቱ «ያምጣል፣ ሽንቱ ይንጠባጠባል» ትላለች። ከእምብርቱ በታች ፊኛው ተነፍቶ በእጅ ይዳሰሳል። ሽንቱ ወደ ኋላ ኩላሊቱን ስለሚገፋው ቀስ እያለ ያጠፋዋል።

ጤና ጣቢያ ላይ ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። ቁጥር 5 ወይም 6 የሕፃናት መመገቢያ ቱቦ በሽንት ቧንቧው አስገብቶ በፕላስተር ማሰር፣ ሽንቱን ማስወረድ፣ ፀረ ተሕዋስያን መጀመር፣ ከዚያ መላክ። ሽንቱ ሳይወርድለት ረጅም መንገድ የተጫነ ሕፃን እኛ ጋ ሲደርስ ደክሞ ነው። እኛ ደግሞ በአልትራሳውንድና በቀለም በሚነሳ ራጅ እናረጋግጣለን፣ ክሬቲኒኑን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን የደም ልኬት) እና የደሙን ጨው እናስተካክላለን፣ ከዚያ ነው ቀዶ ሕክምናው። ለሕፃን የሚሆን ቀጭን ሲስቶስኮፕ (በሽንት ቧንቧ ገብቶ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ) ካለ ሽፋኑ ከውስጥ ይቆረጣል። ከሌለ ፊኛውን ለጊዜው በሆድ በኩል ከፍተን እናስተነፍሰዋለን። መሣሪያው ይገዛ ነው የምለው።

ሒሳብ ያዧ፦
መሣሪያው ውድ ነው። ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ጥገናና መለዋወጫ በጽሑፍ ያልገባበት ግዢ ላይ አልፈርምም፤ መጋዘን ውስጥ የተኛ መሣሪያ አይተናል። ከሱ በፊት ርካሹ ይቅደም፦ መመገቢያ ቱቦ፣ በጣም ቀጭኑ 6-0 እና 7-0 የስፌት ክር፣ የሚያጎላ የዓይን መነጽር። የእናቶች መጓጓዣና ማደሪያም ይታሰብ። የጤና መድን መታወቂያ ያላት እናት እንኳ ከደባርቅ መጥታ ለማደር ብር ትፈልጋለች።

ሥልጠናውን ደግሞ ጥር ላይ አታድርጉት። ለጥምቀት ከተማው ሲሞላ አልጋ አይገኝም፣ የተገኘውም ዋጋው ሰማይ ነው።

ሰብሳቢው፦
እሺ፣ ረቂቁን እንደዚህ ቀየርኩት። በመጀመሪያ ከማዋለጃ ክፍል ሳይወጡና በ45ኛው ቀን የሚደረግ ምርመራ፣ ለአዋላጆች፣ ለክትባት ሠራተኞችና ለገራዦች ከሚሰጥ ሥልጠና ጋር። ቀጥሎ ቱቦ፣ ክርና የመጓጓዣ ድጋፍ። ሲስቶስኮፑ በሁለተኛው ዓመት፣ የጥገና ውል ሲኖረው። ዘመቻው አልወጣም፣ ግን እንግዶቹ የሚመጡት ከኛ ሬዚደንቶችና የማደንዘዣ ባለሙያዎች ጋር አብረው እየሠሩ ሊያስተምሩ ነው። ሠርተው ብቻ እንዲሄዱ አንቀበላቸውም።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪሙ፦
ክትትል የሚል መስመር ይጨመር። ሽፋኑ የተቆረጠለት ልጅ ዳነ ተብሎ መዝገቡ አይዘጋም። ፊኛውና ኩላሊቱ ለዓመታት ይታያሉ። የደም ግፊቱም ጭምር።

አዋላጅ ነርሷ፦
ሁላችሁም ወንድ ወንድ ትላላችሁ። ሴቶቹስ? በወጉ እየሸናች ቀን ከሌት ልብሷ የማይደርቅ ልጅ አለች፤ አንዱ የኩላሊት ቧንቧዋ ከፊኛ ውጭ የሚያፈስ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ግን ሰነፍ ተብላ ትገረፋለች። ትኩሳት የሚመላለስባት ሕፃንም ሽንቷ ሳይመረመር ለወባና ለጉንፋን ብቻ ስትታከም ትከርማለች።

ሰብሳቢው፦
ሲስተር፣ አንቀጹን አንቺው ጻፊው። እስከ ሐሙስ ላኪልኝ፣ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ የገራዦቹን ሥልጠና ከቄሶቹም ከሼኮቹም ጋር የሚያነጋግር ሰው ይጠቁሙን።

የወላጆች ተወካይ፦
እኔው አነጋግራለሁ። ልጄን የገረዘውንም ሰው እጠራዋለሁ።