ለ1974 ሆንዳ ኤልሲኖር ፎርክና ሾክ ጥቆማ፦ ከምን ይጀመር፣ ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር?

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

ሞተሩ እ.ኤ.አ. የ1974 ሆንዳ ኤልሲኖር ሲአር250ኤም፣ የሞቶክሮስ (የጉብታና የዝላይ ሜዳ ውድድር) ሞተር ሳይክል ነው። የሞተር ክፍሉ ታድሶ አልቋል፤ የቀረው የፊት ፎርክና የኋላ ሾክ ነው። ነጂው ከነቡቱና ከነሄልሜቱ 85 ኪ.ግ ይመዝናል። ፎርኩ ፍሬን ሲያዝ እስከ መጨረሻው ይሰምጣል፤ ጉብታ የበዛበት መሬት ላይ ደግሞ ደርቆ እጅ ይመታል። የኋላው ሾክ ሜዳውን ሦስት ዙር ከዞረ በኋላ ይደክምና ያነጥራል። በጀቱ 1,000 ዶላር አካባቢ ነው። ሬስ ቴክ፣ ዋይኤስኤስ፣ ሃገን፣ ኦሊንስ የሚባሉ የዕቃ አምራቾች ስም ይሰማል። ከየትኛው ይጀመር? ቤት የሚሠራውና ለባለሙያ የሚሰጠውስ የቱ ነው?

መልስ፣ ከዴንቨር

የጠቀስካቸው ዕቃዎች ሁሉም ደህና ናቸው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን ውድ ዕቃ ገጥመህም ሞተሩ ከፋብሪካ ከወጣበት የባሰ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሞላ፣ ከዚያ የፎርኩ ዘይትና ቫልቭ፣ በመጨረሻ የኋላ ሾክ። ሞላው ለነጂው ክብደት ካልሆነ ቫልቩ የሞላውን ጉድለት ሲሸፍን ይኖራል።

ፎርኩ ሁለት ተቃራኒ ችግር በአንድ ጊዜ የሚያሳየው በምክንያት ነው። የዚያን ዘመን ፎርክ ዘይቱን የሚገታው ዳምፐር ሮድ በሚባለው ዘንግ ላይ ባሉ ቋሚ ቀዳዳዎች ነው። በቋሚ ቀዳዳ የሚያልፍ ዘይት የሚፈጥረው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬን ሲያዝ ፎርኩ የሚወርደው በዝግታ ስለሆነ የሚገታው የለም፣ ይሰምጣል። ጎማው ጠርዝ ያለው ጉብታ ሲመታ ደግሞ ዘይቱ በዚያች ቀዳዳ ማለፍ አቅቶት ፎርኩ እንደ ድፍን ብረት ይሆናል። ዘይቱን ብታወፍረው መስመጡ ይቀንሳል፣ ምቱ ግን ይብሳል። ብታቀጥነው ተገላቢጦሽ ነው። በዘይት ብቻ ሁለቱንም ማዳን አይቻልም።

የሞላውን ጉዳይ በመለካት ጀምር። ሞተሩን አንሥተህ ሁለቱም ጎማ በአየር ላይ እያለ ከፊት የጎማ ብሎን እስከ መሪው ማሰሪያ ያለውን ርቀት ጻፍ። ከዚያ ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቆሞ ሲነዳ እንደሚሆነው ይቁም፤ ሌላ ሰው ይደግፍና እንደገና ይለካ። ልዩነቱ የነጂ ስምጠት ነው። የኤልሲኖር ፎርክ ጉዞ ወደ 180 ሚ.ሜ ስለሆነ ከ50 እስከ 60 ሚ.ሜ ደህና ነው። የኋላው ጉዞ ወደ 100 ሚ.ሜ ነው፤ እዚያ ከ28 እስከ 33 ሚ.ሜ ፈልግ። ሞተሩን ፎርኩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርገህ ልቀቀው፤ አለበለዚያ የፓራዮሊው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያትመው ጎማ) ጥብቀት 10 ሚ.ሜ ያህል ያሳስትሃል።

የድሮውን ሞላ ጥንካሬ ማወቅ ቀላል ነው። የቤት ሚዛን በቋሚ ትራፓኖ ጠረጴዛ ላይ አድርግ፣ ሞላውን በላዩ አቁም፣ እንዳይታጠፍ በውስጡ ዘንግ አግባ፣ ከዚያ በትራፓኖው እጀታ 25 ሚ.ሜ ጨምቀው። ሚዛኑ 7.5 ኪ.ግ ካለ የሞላው ጥንካሬ 0.30 ኪ.ግ በሚ.ሜ ነው። ሁለቱንም ሞላዎች ለካ፤ ከ50 ዓመት በኋላ አንዱ ከሌላው አጥሮና ለስልሶ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ለግዢ፦ ካነን ሬስክራፍት በልክ ይሠራል፣ ሬስ ቴክም ቀጥታ፣ ማለትም ጥንካሬው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሆነ ሞላ አለው። የፕሮግሬሲቭ ሰስፔንሽን ሞላ መጀመሪያው ለስላሳ፣ መጨረሻው ጠንካራ ነው። ለመንገድ ሞተር ጥሩ ነው፤ ለሞቶክሮስ ግን አልመርጠውም፤ ፍሬን ስትይዝ ለስላሳውን ክፍል በአንድ ጊዜ ይበላውና የቀረህ ጉዞ ትንሽ ይሆናል። ገንዘብ ካጠረ የድሮውን ሞላ ቆርጦ ማጠንከርም አለ፦ ጥንካሬው ከሚሠሩት ቀለበቶች ቁጥር ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ ከ40 ቀለበት 4 ብትቆርጥ ሞላው 11 ከመቶ ያህል ይጠነክራል። የቆረጥከውን ርዝመት በቱቦ ትሞላዋለህ፣ በቱቦውና በሞላው መሃል ሮንዴላ ይገባል። የተቆረጠው ጫፍ ግን ጠፍጣፋ ካልሆነ የፎርኩን ግድግዳ ይፍቃል፤ ስለዚህ ጫፉን አሙቆ ማስተኛትና በሞረድ ጠፍጣፋ ማድረግ የግድ ነው፣ የተቆረጠው ጫፍ ከቱቦው ጋር ይግጠም።

መልስ፣ ከሲያትል

ስለ ፎርክ ቫልቭ እኔ ልጨምር። ምርጫው በሬስ ቴክ ጎልድ ቫልቭ ኢሙሌተርና በዋይኤስኤስ ፒዲ ቫልቭ መካከል ነው። ሁለቱም በዳምፐር ሮዱ አናት ላይ ይቀመጣሉ፤ ዋናው ሞላ ራሱ ተጭኖ ይይዛቸዋል። የሚያደርጉት ነገር ቢኖር ቋሚውን ቀዳዳ በሞላ በተያዘ ክዳን መተካት ነው፦ ፎርኩ በዝግታ ሲወርድ ክዳኑ ተዘግቶ ይገታል፣ ኃይለኛ ምት ሲመጣ ይከፈትና ዘይቱን ያሳልፋል። ያ የካሬ ሕግ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። የሬስ ቴክ ጥቅሙ ተቀያሪ የቫልቭ ሞላዎቹና ብዙ ሰው ሞክሮት የተከማቸው የማስተካከያ ልምድ ነው። ዋይኤስኤስ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ሥራውም ንጹሕ ነው። በ85 ኪ.ግ ነጂና በሞቶክሮስ ሜዳ እኔ ብመርጥ ሬስ ቴክን ነው። ከማዘዝህ በፊት የዳምፐር ሮዱን አናትና የፎርኩን ቱቦ የውስጥ ስፋት በካሊበር ለካ፤ በሞተሩ ስም ብቻ አትዘዝ።

ሰው ብዙ የሚሳሳተው በአገጣጠሙ ነው። በታች ያለው የዳምፐር ሮድ ብሎን ሲፈታ ዘንጉ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ የላይኛውን ክዳን ከመክፈትህ በፊት፣ ሞላው ዘንጉን እየተጫነው ሳለ፣ በኢምፓክት (እየመታ በሚፈታ መፍቻ) ፍታው። ከዚያ የላይኛውን ክዳን ስትከፍት ፊትህን አርቅ፣ ሞላው ይወረውረዋል።

ኢሙሌተሩ እንዲሠራ የዳምፐር ሮዱ የታች ቀዳዳዎች ከእንግዲህ ምንም መግታት የለባቸውም። ሦስት ጥንድ፣ በድምሩ ስድስት ባለ 8 ሚ.ሜ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ጥንዶቹ ከመሃል እስከ መሃል 10 ሚ.ሜ ይራራቁ፣ እያንዳንዱ ጥንድ ከቀጣዩ በ90 ዲግሪ ይዙር፤ አለበለዚያ ዘንጉ ይደክማል። መጀመሪያ በነጥብ ምታ፣ በ5 ሚ.ሜ ብሳ፣ ከዚያ በ8 አስፋ። ከላይ በፒስተኑ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አትንካ፣ የመመለሻው (ፎርኩ ከወረደ በኋላ ሲነሣ የምትገታው) ናት። የቀዳዳዎቹን አፍ ከውስጥም ከውጭም በደንብ አለስልስና በነጭ ጋዝ እጠብ፤ የቀረች አንዲት የብረት ፍቅፋቂ አዲሱን ፓራዮሊና ቦኮላ (የዘንግ ማረፊያ ቀለበት) ታበላሻለች።

የኢሙሌተሩ ቁመት ሞላውን ወደ ላይ ስለሚገፋ ከሞላው በላይ ያለውን መሙያ ቱቦ በዚያው ልክ ቁረጥ፤ የመነሻ ጫናው (ክዳኑ ሲገጠም ሞላው ቀድሞ የሚታመቅበት ልክ) ከ15 እስከ 20 ሚ.ሜ ይሁን። የቫልቩን ብሎን ሞላው ከተነካበት 2 ዙር አጥብቀህ ጀምር። አሁንም እጅ የሚመታ ከሆነ ግማሽ ዙር አላላ፣ ፍሬን ላይ የሚሰምጥ ከሆነ ግማሽ ዙር አጥብቅ። ከዚህ በኋላ የዘይቱ ውፍረት የሚመረጠው ለመመለሻው ነው፣ ለመታመቂያው ቫልቩ አለለት። በ15ደብልዩ ጀምር። ደረጃውን ሞላው ወጥቶ፣ ኢሙሌተሩ ገብቶ፣ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ ከአናቱ እስከ ዘይቱ ለካ፦ 150 ሚ.ሜ መነሻ ይሁን፣ መጨረሻው ላይ የሚጋጭ ከሆነ ዘይት እየጨመርህ በ10 በ10 ሚ.ሜ ወደ አናቱ አቅርበው። ከአናቱ ከ120 ሚ.ሜ በታች ግን አታቅርበው፤ የታመቀው አየር ሌላ ሞላ ይሆንና ፓራዮሊውን ይፈነቅላል።

መልስ፣ ከሎንደን

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ የምለየው በአንድ ነገር ነው። የተበሳ ዳምፐር ሮድ አይመለስም። የኤልሲኖር ዕቃ ደግሞ በየቀኑ ዋጋው እየጨመረ ነው። ሁለተኛ ጥንድ ፈልገህ እሱን ብሳ፣ ዋናውን በዘይት ጠቅልለህ አስቀምጥ። ሞተሩ በወር አንዴ ቀስ ተብሎ የሚነዳ ከሆነ ትክክለኛ ሞላ፣ አዲስ ፓራዮሊና ትክክለኛ ዘይት ብቻ ሰባውን ከመቶ ያህል ሥራ ይሠራሉ ብዬ አምናለሁ።

በዘይት ጠርሙስ ላይ ያለውን 5ደብልዩ፣ 10ደብልዩ አትመን፤ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ይለያያል። የምታየው በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን የሴንቲስቶክስ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ቁጥር ነው። የሞቱል 5ደብልዩ ወደ 18፣ 10ደብልዩው ወደ 36 ነው፤ የአንድ አምራች ሁለት ዘይት ቀላቅለህ መሃሉን ታገኛለህ። ብራንድ የቀየርክ ቀን የፎርኩም ጠባይ ይቀየራል።

የኋላው ሾክ የሚደክመው ዘይቱና አየሩ በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ነው። ሲናወጥና ሲሞቅ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ አይገታም። መፍትሔው ናይትሮጅኑ በተለየ ጋን ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠበት ሾክ ነው። ሃገንና ፋልከን እዚህ እንግሊዝ በነጂው ክብደት ልክ ያዘጋጁልሃል፤ የሃገን ቀላሉ ሞዴል ለመንሸራሸር ይበቃል፣ ለውድድር ሙቀት ግን ባለጋን ሾክ ያስፈልግሃል። ዋይኤስኤስ ባለጋን ሾክ በመካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፣ ተፈትቶም ይታደሳል፤ ለዚህ በጀት የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። የሬስ ቴክ ጂ3ኤስ ውስጡ በነጂው ልክ ተስተካክሎ ይመጣል፣ ከዋይኤስኤስ ይወደዳል። ኦሊንስ ከ1970ዎቹ የሞቶክሮስ ሜዳ የወጣ ስም ነው፤ የሶቪየቱ ነጂ ጌናዲ ሞይሴየቭ በ1978 በኬቲኤም ሞተር የ250 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በኦሊንስ ሾክ ነበር። ጥራቱ አያጠያይቅም፣ ግን ጥንዱ ብቻውን በጀትህን ሊጨርስ ይችላል። ያገለገለ የ1970ዎቹ ፎክስ ኤርሾክስ ብታገኝ ለዓይን የሚያምር ታሪክ ነው፤ ለመንዳት ግን ሲሞቅ ግፊቱ እየጨመረ ስለሚሄድ በየመሃሉ መለካት አለበት።

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ

እናመሰግናለን። ረዘም ያለ ሾክ ገጥሞ የኋላውን ጉዞ ወደ 150 ሚ.ሜ ማድረስስ?

መልስ፣ ከዴንቨር

ተወው። በአሜሪካ በአኽርማ (የድሮ ሞተሮችን የሚያወዳድር ማኅበር) የቪንቴጅ ክፍል ልትወዳደር ካሰብክ ገደቡ ከፊት 7 ኢንች፣ ከኋላ 4 ኢንች ነው፤ ከዚያ ካለፍክ ኤልሲኖሩ ከክፍሉ ይወጣል። ባትወዳደርም ሾኩ ሲረዝም የኋላው ይነሣል፣ የፎርኩ ማዕዘን ይቆማል፣ ሞተሩ በፍጥነት ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ካቴናውም የኋላውን ሹካ (የኋላውን ጎማ የሚይዘውን ክንድ) ምሶሶ መፋቅ ይጀምራል። የሾኩን ማሰሪያ ወደ ፊት ማምጣት ደግሞ ቴላዮውን መበየድ ነው፤ እዚያ የገባ ሰው አዲስ ዲዛይን ጀምሯል ማለት ነው።

የኋላውን ሞላ ስታዝ የጎማው ጉዞ ለሾኩ ጉዞ ያለውን ሬሾ አስላ። ሞላውን አውጥተህ ሾኩን ብቻ አስረህ ጎማውን አንሣ፣ ሁለቱንም ለካ። ለምሳሌ ጎማው 100፣ ሾኩ 85 ሚ.ሜ ከሄደ ሬሾው 1.18 ነው። በኋላው ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከነነጂው 95 ኪ.ግ ነው እንበል፦ 95 ሲባዛ በ1.18፣ ሲካፈል ለሁለት ሾክ፣ በእያንዳንዱ 56 ኪ.ግ ይመጣል። ስምጠቱ 30 ሚ.ሜ እንዲሆን ከፈለግህ ሾኩ 25.5 ይታመቃል፤ የመነሻ ጫናውን 10 ሚ.ሜ ስትጨምር 35.5። 56 ሲካፈል በ35.5 ወደ 1.6 ኪ.ግ በሚ.ሜ ነው፤ በአሜሪካኖቹ ዝርዝር ወደ 88 ፓውንድ በኢንች መሆኑ ነው። የሾኩን ርዝመት ከጆሮ (ከማሰሪያው ቀዳዳ) መሃል እስከ ጆሮ መሃል ለካ፣ የጎሚኒውንና የቦኮላውን የውስጥ ስፋትም አብረህ ላክ።

መልስ፣ ከሚኒያፖሊስ

ለባለሙያ መሰጠት ያለበት ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ የፎርኩ ቱቦ ቀጥነት፦ በሁለት ቪ ብሎክ (ቪ ቅርጽ ባለው መደገፊያ) ላይ አስቀምጦ ሰዓት በሚመስለው ባለመርፌ መለኪያ እያዩ ማዞር ነው፤ ጥቂት አሥረኛ ሚ.ሜ እንኳ ከታጠፈ ምንም ዓይነት ቫልቭ አያድነውም። ሁለተኛ ክሮሙ፦ ዝገቱ ፓራዮሊው በሚሄድበት ክፍል ከሆነ ቱቦው በሃርድ ክሮም ተለብጦ ወደ ልኩ መሞረድ አለበት፤ ለጌጥ የሚለብጥ ቤት አትስጠው፣ ልኩን አይጠብቅም። ሦስተኛ የሾኩ ናይትሮጅን። የሬስ ቴክ ዎርክሾፕ ኮሮና ካሊፎርኒያ ነው፣ በፖስታ ይቀበላሉ። ለማንም ስትልክ የነጂውን ክብደት ከነልብሱ፣ ሜዳው አሸዋ ነው ወይስ ደረቅ መሬት፣ የለካኸውን ስምጠትና የሬሾውን ቁጥር አብረህ ጻፍ። ቀዳዳ መብሳትና ቱቦ መቁረጥ በአገር ቤት ቶርኖ ቤት የምንለው ማንኛውም የማሽን ሱቅ ይሠራዋል፣ ሥዕሉን በልኩ ከሰጠኸው።

ከሁሉ በፊት ግን የኋላውን ሹካ ቦኮላና የመሪውን ኩሽኔታ ፈትሽ። የኋላውን ጎማ ይዘህ ወደ ጎን ስታንቀሳቅስ የሚጫወት ከሆነ፣ ወይም መሪው መሃሉ ላይ የሚያዝ ከሆነ፣ ሾክ ከመግዛትህ በፊት እሱን ቀይር።

ፎርኩን ስትገጥም የጎማውን ብሎን አጥብቀህ፣ የታችኛውን የመቆንጠጫ ብሎን ግን አላልተህ ፎርኩን አምስት ስድስት ጊዜ አውርደህ አውጣው፤ ከዚያ ቆንጥጥ። ሁለቱ እግሮች ትይዩ ካልሆኑ የምታየው መጣበቅ ከቫልቩ የመጣ ይመስልሃል። የመጀመሪያውን ቀን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ በፎርኩ ቱቦ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አድርገህ ምን ያህል እንደወረደ ከየዙሩ በኋላ ጻፍ። ከትልቁ ዝላይ በኋላ ማሰሪያው ከመጨረሻው 10 ሚ.ሜ ያህል ሲቀረው ዘይቱ ደረጃው ላይ ነው።