ሽትራልዙንድ ላይ ዓሣ አልያዝ ብሎኛል፤ እርዱኝ

ወንድሜን ለመጠየቅ ከባሕር ዳር ጀርመን መጥቼ ባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ሽትራልዙንድ ከተማ ነኝ። ፈተና የማይጠይቀውን የ28 ቀን የቱሪስት ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድና ለባሕሩ የሚያስፈልገውን ሌላ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ችግሬ ክሩ ነው። ጣና ላይ በአንድ መንጠቆና በትል አምባዛ እያወጣሁ ነው ያደግሁት። እዚህ በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ዳር የሚመጣውን ሄሪንግ የሚባል ትንሽ የባሕር ዓሣ የሚይዙት ግን ትል በሌላቸው፣ አንድ ክር ላይ በተደረደሩ ትናንሽ መንጠቆዎች ነው። ገና ሲወርድ ይጠላለፍብኛል፤ አጠገቤ የቆሙትን ሰውዬ ክርም ይዞ ይመጣል። ታጋሽ ናቸው፤ እኔ ግን በጣም ተሳቀቅሁ። እርሳቸው ባልዲ ሲሞሉ እኔ ሁለት ቀን ባዶ እጄን ተመለስሁ። ክሩን ወደ ታች የሚስበው የእርሳስ ብረት ክብደቱ ስንት ግራም ይሁን? እስከ ታች ልልቀቀው ወይስ መሃል ላይ ላቁመው? የቀረኝ ሦስት ቀን ነው፤ ለወንድሜ ልጆች በእጄ የያዝሁትን ዓሣ ጠብሼ ላበላቸው ቃል ገብቻለሁ።