ጥቆማ፦ ሀዋሳ ውስጥ ፕራዶ ከሌባ የሚጠብቅ ነገር ማን ጋ ላስገጥም?

ባለፕራዶ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከወር በፊት በሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ገብቻለሁ። መኪናዬ ፕራዶ ነው፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እያለ በሩ የሚከፈት፣ በፑሽ ስታርት የሚነሳ። አቶቴ አካባቢ ነው የተከራየሁት። ግቢው መኪና ስለማያስገባ ውጭ ነው የሚያድረው። ጂፒኤስ ይሻላል፣ አላርም ወይስ የመሪ ብረት (መሪው እንዳይዞር የሚቆልፈው)? በደንብ የሚሠራስ ማን አለ? ዓመታት ቆጥቤ የገዛሁት ነው። ሌሊት ሁለት ሦስቴ እየተነሳሁ በመስኮት አያለሁ።

የታቦር ልጅ፦
ዳኤ ቡሹ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ሌላ ቦታ አትልፋ። ሞቢል ጋ አንድ ልጅ አለ፣ እጁ ወርቅ ነው። የአባቴን መኪና አላርም የገጠመው እሱ ነው፤ ስድስት ዓመት ሆነው፣ አንድም ቀን አላስቸገረም።

ማሂ፦
ወንድሜ፣ እኔ በበኩሌ ስለ ስፖኪዮው ነው የምነግርህ። የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ራቅ አድርጌ አቆምኩ። ከቅዳሴ ስወጣ ሁለቱም የሉም። ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል። አሁን የስፖኪዮውንም የመስኮቱንም መስታወት የታርጋ ቁጥሬን አስቀርጬበታለሁ፣ በብረትም አሳስሬዋለሁ። ቁጥር ያለበትን ማንም በቀላሉ አይገዛውም። ገብርኤል ሲነግሥ መኪናህን እቤት ተወው።

ቴዲ ሀዋሳ፦
ጂፒኤስ ከማስገጠምህ በፊት የኔን ስማ። ቦታውን አልጠራም። ልጁ ዳሽቦርዱን ፈታ፣ ሽቦውን በቢላ ላጠ፣ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቀለለው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። «በስልክህ ሞተሩን ማጥፋት ትችላለህ» ብሎ የነዳጅ ፓምፑን መስመር ቆርጦ ሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባበት። በሦስተኛው ሳምንት ከሻሸመኔ በማታ ስመለስ ጥቁር ውሃ ልደርስ ስል ሞተሩ ዝም አለ። መሪው ድንጋይ ሆነ፣ ፍሬኑ ጠጠረ። ከኋላዬ ሲኖትራክ ጡሩንባውን እየነፋ መጣ። ባለቤቴና ልጄ አብረውኝ ነበሩ። እንዴት ዳር እንደያዝኩ እግዜር ነው የሚያውቀው። ሲፈተሽ ያ የተጠመዘዘው ሽቦ ላልቶ ነው። ሰውየውን ብጠይቀው «መንገዱ ነው ያናወጠው» አለኝ።

ሰላም ሀ፦
በስመአብ! ልጁ ደህና ነው? ገንዘብህን መለሰልህ?

ቴዲ ሀዋሳ፦
ሁሉም ደህና ነን፣ ተመስገን። ገንዘቡን አልመለሰም። ሌላም አለ። የጂፒኤሱ ሲም ካርድ ሒሳቡ ካለቀ ቆይቶ ኖሮ ጂፒኤሱ ለካ ቦታ መላክ ካቆመ አሥር ቀን ሆኖታል። ማንም አልነገረኝም።

የታቦር ልጅ፦
ለዚህ እኮ ነው ሞቢል ጋ ያለው ልጅ ጋ ሂድ ያልኩት። እሱ ይበይዳል እንጂ አይጠመዝዝም።

ኪሩ፦
ፕራዶው ናፍጣ ነው ቤንዚን? ስንት ገዛኸው?

ዘላለም፦
ሌሊት ሦስቴ የምትነሳ ከሆነማ ጥበቃው አንተ ነህ፣ ጂፒኤስ ምን ያደርግልሃል? ካልሆነም ሽጠውና ባጃጅ ግዛ፣ እንቅልፍህን ተኛ።

እትዬ አስቴር፦
ዘላለም ልጄ፣ ሰው ላቡን አንጠፍጥፎ ለገዛው ንብረት ቢጨነቅ ነውር የለውም። ባለባጃጁስ ባጃጁን አስሮ አይደል የሚያድረው? የምታውቀው ካለ ንገረው።

ዘላለም፦
እሺ እትዬ፣ ይቅርታ። ወንድሜ፣ አንድ የማውቀው ነገር አለ። ላቫጆ ስትገባ ቁልፉን ሰጥተህ ቡና ልጠጣ አትበል። ከመሪው ሥር ሜካኒክ ማሽኑን የሚሰካበት ሶኬት አለ። ዕቃው ያለው ሰው እዚያ ሰክቶ አዲስ ቁልፍ በደቂቃዎች ያስመዘግባል። መኪናው ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበበት አስፈትሽ፣ የማታውቀውን አስጠፋ። የድሮው ባለቤት ዘንድ አንድ ሊቀር ይችላል።

መኪና ኤሌክትሪሺያን፦
ዘላለም ያለው ልክ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ስለሆንኩ ትንሽ ልጨምር። ፑሽ ስታርት ያለው መኪና ትልቁ ድክመቱ ቁልፉ ሁልጊዜ ንቁ መሆኑ ነው። በሩን ስትነካ መኪናው ደካማ ሞገድ ይልካል፣ አጠገቡ ያለ ቁልፍ ይመልስለታል። ሌቦች ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንዱ የቤትህ በር ጋ፣ አንዱ መኪናው ጋ ይቆማል። ሞገዱን በመሣሪያ እየተቀባበሉ ሳሎን ያለው ቁልፍህ መኪናው አጠገብ ያለ ያስመስሉታል። መስታወት አይሰበርም፣ አላርምም አይጮህም።

መከላከያው ርካሽ ነው። ውስጡ ብረት ነክ ጨርቅ ያለው የቁልፍ ከረጢት አለ። ስትገዛ ቁልፉን ከተህ በሩን ሞክር፤ ከተከፈተ ከረጢቱ አይረባም። ሌላው ምንም ወጪ የለውም። ብዙ የቶዮታ ስማርት ቁልፎች ላይ መቆለፊያውን ተጭነህ ይዘህ መክፈቻውን ሁለቴ ስትጫን የቁልፉ መብራት አራቴ ብልጭ ይላል። ከዚያ ቁልፉ ተኛ ማለት ነው። ጠዋት ከላዩ ካሉት መጫኛዎች ማንኛውንም ስትጫን ይነቃል። ትርፉን ቁልፍም እንዲሁ ማስተኛት አትርሳ።

የፊት መብራቱንም እያየህ። እንግሊዝ አገር ኢያን ታቦር የሚባል የመኪና ሳይበር ደህንነት ባለሙያ በ2022 እ.ኤ.አ. ቶዮታ ራቭ4 መኪናው ተሰርቆበታል። ከዚያ በፊት የመኪናው የፊት ባምፐር ተፈልቅቆ የመብራቱ ሶኬት ተፈትቶ አግኝቶ ነበር፣ ተራ ብልግና መሰለው። በኋላ ሲመረመር ሌቦቹ በመብራቱ ሽቦ በኩል የመኪናው ኮምፒውተሮች ወደሚነጋገሩበት መስመር ገብተው «ቁልፉ አለ» የሚል የሐሰት መልእክት እንደሚልኩ ታወቀ። እንዲህ ሲሆን ከረጢቱም አያድንህም። መኪናው እንዳይነሳ የሚያደርግ የተደበቀ ማብሪያ ማጥፊያና የመሪ ብረት ያስፈልጋል። ሌባ የሚጠላው ጊዜ የሚፈጅበትን ነገር ነው።

ቴዲ፣ ያንተ ሪሌ የተገጠመበት መንገድ አደገኛ ነበር። በሚሄድ መኪና ላይ ነዳጅ መቁረጥ የለበትም፤ ቆሞ እንዳይነሳ ማድረግ ነው ሥራው። ባትሪህስ አይደክምም?

ቴዲ ሀዋሳ፦
ይደክማል! ሁለት ቀን ካልነዳሁት አይነሳም።

መኪና ኤሌክትሪሺያን፦
መኪናውን ዘግተህ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከዚያ የሚበላውን ኤሌክትሪክ በመለኪያ መሣሪያ አስለካው። በጥቅሉ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ከሆነ የሆነ ነገር ሌሊት ሙሉ እየጠጣው ነው። መጀመሪያ ጂፒኤሱን ንቀልና ድገም።

ማሂ፦
ኢንሹራንሱንም አይርሳ። ሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ለስርቆት ምንም አይከፍልህም። የገባኸው ሙሉ ዋስትና ቢሆንም ስርቆትንና ስፖኪዮን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብብ። እኔ ስፖኪዮው ከጠፋብኝ በኋላ ነው ያነበብኩት።

ባለፕራዶ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ወጥቼ ሞከርኩት፣ አራቴ ብልጭ አለ! በሩን ስነካው እምቢ አለኝ። ጂፒኤሱ ግን የቴዲን ካነበብኩ በኋላ ፈራሁት። የመሪ ብረት እዚህ የት ይገኛል?

ኪሩ፦
ናፍጣ ነው ቤንዚን አልነገርከንም እኮ።

የታቦር ልጅ፦
ለጂፒኤስ አትፍራ፣ ሞቢል ጋ ያለው ልጅ ጋ ሂድ አልኩህ።

ሰላም ሀ፦
የታቦር ልጅ፣ ልጁ ቪትዝ ይሠራል? የኔ አላርም ድመት ባለፈች ቁጥር ይጮሃል፣ ጎረቤት ሊያባርረኝ ነው።

የታቦር ልጅ፦
ይሠራል እህቴ። አላርሙ ለትንሹም ንዝረት እንዲጮህ ሲደረግ ነው እንደዚያ የሚሆነው፣ እሱን ይቀንስልሻል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ድረሺ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ወረፋ ነው።