9 ሰው ባለበት ቤት ፍልሰታን እንዴት ትጾማላችሁ?

ሰላም ለናንተ ይሁን። ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው፣ ከአማቴ ጋር 9 ነን። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። የ4 ዓመቷ ወተት ትጠጣለች፣ የ8 ዓመቱ ደግሞ እሷን እያየ ያለቅሳል፣ ብርዱም አለ፣ እኔም ሁለት ድስት መጣድ ሰለቸኝ። ምን ላድርግ?

የመንዟ እናት፦ አይዞሽ ልጄ። ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጾም ግዴታ አይደለም፣ ወተቷን ጓዳ ስጫት። ወንዱን ቅዳሴ ይዘሽው ሂጂ። በፍልሰታ ልጆች በብዛት ይቆርባሉ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ረሃቡን ይረሳዋል። እኔ ሰባቱን እንዲህ ነው ያሳደግኋቸው።

የአንኮበር ልጅ፦ እህቴ፣ ድስቱን ለምን ብቻሽን? እኛ ቤት ሽሮውን ወንዶቹም በተራ እንሠራለን፣ ባልሽም ይልመድ።

ጠያቂዋ፦ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አማቴን አማከርኳቸው፣ «ልጁን እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አሉኝ።